ዘር ሰብሳቢው በረሃብ ሞተ፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ ሕይወትና ትግል

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለኑሮው ለማስገዛት ካካሄዳቸው ትግሎች መካከል በዘመን ብዛት ቀዳሚነት ካላቸው አንዱ የዱር ሣርን ወደ እህልነት የለወጠበት ትግል ነው። ይህን ታላቅ ሥራ የሠሩት ነገሥታትና መሳፍንት እንዳልነበሩ የታወቀ ነው። ከእያንዳንዱ መኸር የተሻለውን ዛላ ለይተው ለከርሞ ያስቀመጡ፣ ስማቸው በሐውልትም ሆነ በብራና ያልሰፈረ ገበሬዎች፣ ይልቁንም ዘሩን በቅልና በጎታ እያኖሩ ከነቀዝ የጠበቁ ሴቶች ናቸው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ሕይወቱን የምናስታውሰው ሰው የእነዚህን ስም የለሽ ሠራተኞች የድካም ውጤት ከአምስት አህጉራት ሰብስቦ፣ መርምሮና መዝግቦ ለመላው የሰው ልጅ ለማቆየት ዕድሜውን የሰጠ ሳይንቲስት ነው። በ1919 ዓ.ም. በአገራችን ገበያዎችና አውድማዎች መካከል በበቅሎ ተጉዟል። ከዚያ በኋላ 16 ዓመት ሳይሞላ በገዛ አገሩ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞቷል። የእንጀራን ምንጭ ሲያፈላልግ የኖረ ሰው እንጀራ አጥቶ የሞተበት ምክንያት ምንድነው? በቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይም ሆነ በፋብሪካ ውስጥ የምንገናኝ አንባቢያን ሁሉ ልናጤነው የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ ታሪኩን ከመነሻው እንመለከተዋለን።

ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ የወጣና በልጅነቱ ወደ ከተማ መጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁም የእርሱን ፈለግ እንዲከተል ፈልጎ ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ላከው። ወጣቱ ግን ከሱቅ ይልቅ ማሳን መረጠና እ.ኤ.አ. በ1906 በሞስኮ የእርሻ ተቋም ገባ። የመመረቂያ ጥናቱም ከፍ ያለ ስም ያለው ርዕስ አልነበረም፤ በሞስኮ ዙሪያ ያሉ ማሳዎችንና የአትክልት ቦታዎችን ስለሚያጠፉ፣ ዛጎል ስለሌላቸው ቀንድ አውጣዎች ነበር። ታናሽ ወንድሙ ሰርጌይ በበኩሉ የፊዚክስን ትምህርት ተከተለ። የሁለቱ ወንድማማቾች ዕጣ በኋላ እንዴት እንደ ተለያየ በቦታው እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1914 ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዞ ዊልያም ቤትሰን ከተባለው ሊቅ ዘንድ ተማረ። ቤትሰን ጄኔቲክስ ለሚባለው የዘር ውርስ ሳይንስ ስሙን ያወጣለት ሰው ሲሆን፣ መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ባደረገው ሙከራ ያገኘውን የውርስ ሕግ ለዓለም በማስተዋወቅ የታወቀ ነበር። ወላጅ ለልጁ የሚያስተላልፈው ጠባይ እንደ ወተትና ቡና ተደባልቆ እንደማይጠፋ፣ ራሱን ችሎ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚሻገር ቫቪሎቭ በዚያ ተረዳ። ይህ ግንዛቤ የሥራው መሠረት ነበር፤ ኋላም የክሱ ምክንያት ለመሆን በቅቷል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1916፣ በሰሜን ፋርስ የሰፈረው የሩሲያ ጦር ወታደሮች ከአካባቢው እህል የተጋገረ ዳቦ በበሉ ቁጥር ራሳቸውን እያዞራቸው እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ጀመር። ምክንያቱን እንዲያጣራ የተላከው ቫቪሎቭ ነበር። ምርመራው እንደ አረጋገጠው ስንዴው እንክርዳድ በዝቶበት፣ እንክርዳዱም በሻጋታ ተበክሎ ነበር። የእኛ አገር እናቶች እህል ሲያበጥሩ እንክርዳድን ለይተው የሚጥሉበትን ምክንያት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ለወጣቱ ሳይንቲስት ግን ጉዞው ከወታደሮቹ ሕመም ያለፈ ትርጉም ነበረው። በፋርስና በፓሚር ተራሮች ያያቸው የስንዴና የአጃ ዓይነቶች ብዛት በአውሮፓ ማሳዎች ከለመደው ጋር የማይነጻጸር ሆኖ አገኘው። አንድ ሰብል በአንድ አገር ይህን ያህል ከበዛ መነሻው በዚያ ወይም በዚያ አቅራቢያ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ሳራቶቭ የምትባለውን ከተማ አንባቢ በልቡናው እንዲይዛት እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1920 በዚያችው ከተማ በተደረገው የዘር አሻሻዮች ጉባኤ ላይ ሕገ ተመሳሳይ ተከታታይነት ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ግኝቱን አቀረበ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በዝምድና የሚቀራረቡ የተክል ዓይነቶች በሚያሳዩት ልዩነትም ይመሳሰላሉ። ለምሳሌ በለስላሳው ስንዴ መካከል ጢም ያለውና ጢም የሌለው ከተገኘ፣ በዘመዱ በዱረም ስንዴ መካከልም ጢም አልባው ገና ያልታየ ቢሆን እንኳ በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ሊኖር ይገባል። ጉባኤተኛው ይህን ሲሰማ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ካዘጋጀው ከሜንዴሌየቭ ሥራ ጋር አመሳስሎ በከፍተኛ ደስታ ተቀበለው። ጢም አልባው ዱረም ግን በሠንጠረዡ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ያ ጊዜ የትንበያና የጭብጨባ ብቻ አልነበረም። የእርስ በርስ ጦርነቱ ያደቀቀውን የቮልጋን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1921 ድርቅ መታው፤ በ1921 እና በ1922 በተከተለው ረሃብም ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ቫቪሎቭ በዚሁ ዓመት ወደ ፔትሮግራድ ተዛውሮ የተግባራዊ ዕፅዋት ጥናት ክፍልን ኃላፊነት ሲረከብ ያገኘው ቀዝቃዛ ክፍሎችንና ረሃብተኛ ባልደረቦችን ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 250,000 የሚጠጉ የዘር ናሙናዎች የተከማቹበትን፣ በመላው ሶቪየት ኅብረት የሙከራ ጣቢያዎች ያሉትን ተቋም ገነባ። እ.ኤ.አ. በ1924 አፍጋኒስታንን በፈረስ አቋረጠ። በ1926 ስለ ታራሚ ዕፅዋት መነሻ ማዕከሎች የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ የሌኒን ሽልማትን አገኘ። በዚህ መጽሐፍ ከዘረዘራቸው ጥቂት የዓለም ማዕከሎች አንዱ አገራችን ነበረች።

ይሁን እንጂ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ ቀላል አልሆነለትም። በዚያን ጊዜ በሁለቱ አገሮች መካከል የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበረም፤ የቅኝ ገዥ መንግሥታትም የሶቪየት ዜጋ ሲባል ሰላይ አድርገው ከመጠርጠር ወደ ኋላ አይሉም ነበር። በመጨረሻ በፈረንሳይ ሶማሊላንድ በኩል ፈቃድ አግኝቶ ከጅቡቲ በባቡር ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ መጣ። ዘመኑ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ የነበሩበት፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንንም በእንደራሴነት አገሪቱን የሚመሩበት ነበር። ራስ ተፈሪ እንግዳውን ተቀብለው ስለ ሩሲያና ስለ አብዮቱ ብዙ ነገር እንደ ጠየቁት፣ በመላ አገሪቱ እንዲዘዋወርም የይለፍ ወረቀት እንዲሰጠው እንዳደረጉ ራሱ ቫቪሎቭ በጉዞ ማስታወሻው ላይ አስፍሯል። አንድ የፊውዳል ሥርዓት መሪ ከአንድ የአብዮት አገር ምሁር ጋር ስለ ንጉሥ መውደቅ ሲነጋገር መገኘቱ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው፤ ለጊዜው ግን አልፈነው ወደ ማሳው እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1927 የመጀመሪያ ወራት ውስጥ ቫቪሎቭ ጭነቱን በበቅሎ አስጭኖ ወደ አንኮበር፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር፣ ወደ አክሱም፣ በመጨረሻም በጣልያን ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደ ነበረችው ወደ አስመራ አቀና። ከደረሰበት ገበያ ሁሉ እየገባ ከእያንዳንዱ ቁና እፍኝ እፍኝ ይገዛ ነበር። ገበያ ለእርሱ የአንድ አገር እርሻ በአንድ ቀን ተዘርግቶ የሚታይበት ቦታ ነበር። ሻጮቹ ይህ ነጭ ሰው ለመብላት የማትበቃ እፍኝ ገዝቶ በከረጢት እያሰረ ለምን ይጽፍባታል ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም ብለን እንገምታለን።

ያገኘው ነገር ግን ከጠበቀው በላይ ነበር። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ተዘርተው አብረው የቆሙ ብዙ የስንዴ ዓይነቶችን ተመለከተ፤ ነጭ፣ ቀይ፣ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታወቀው ፍሬው ሐምራዊ የሆነው ስንዴ ጭምር። የውጭ አገር ሰው ይህን ቅይጥ ማሳ ሲያይ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዋግ በሚመጣበት ዓመት አንዱ ዓይነት ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ ዝናብ ቀድሞ ቢቆም ፈጥኖ የሚደርሰው ጎተራውን ይሞላል። የኢትዮጵያ ገበሬ ፊደል ሳይቆጥር በዘመናት ልምድ የደረሰበት ይህ ስልት፣ ኪሳራን የሚያከፋፍል የመድን ዋስትና ነበር ለማለት ይቻላል። ቫቪሎቭ ይህን ለማስተዋል የበቃው ገበሬውን ሊያስተምር ሳይሆን ከገበሬው ሊማር ስለ መጣ ነው።

ከአክሱም አጠገብም ያ ባዶ ቦታ ሞላ። ጢም አልባውን ዱረም ስንዴ በገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ አገኘው። ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ በወረቀት ላይ የተነበየው ተክል፣ አንድም ቀን ስለ ሕጉ ባልሰማ የትግራይ ገበሬ እጅ ሲዘራና ሲታጨድ ኖሯል። በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይዞ ወደ ሌኒንግራድ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎችና በስንዴ ዓለም ውስጥ ስላላቸው ቦታ አንድ ራሱን የቻለ ጥናት አወጣ።

በዚህ ረገድ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። ቫቪሎቭ የብዛት ማዕከል የመነሻ ማዕከል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር የአንዳንድ ሰብሎችን መነሻ በተመለከተ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አርመውታል። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተለመዱት ለም ጨረቃ በሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍል እንደ ሆነና ወደ እኛ በጥንት ዘመን እንደ መጡ፣ በአገራችን የተለያየ የአየር ጠባይና በገበሬው ምርጫ ግን እጅግ እንደ ተባዙ ዛሬ በሰፊው የተደረሰበት መደምደሚያ ነው። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ግን ያለ ክርክር የዚህ ምድር ልጆች ናቸው። የገብሳችንን ዋጋ ለመረዳት ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃል፤ የገብስ ቢጫ አቀንጭር ቫይረስ በአሜሪካ ማሳዎችን ሲያጠፋ፣ የመቋቋም ኃይል የሰጠው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብሶች ነው። ገብሱን ለዘመናት መርጦ ያቆየው ገበሬ ከዚህ ምን አገኘ የሚለው ጥያቄ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1929 ቫቪሎቭ በሌኒን ስም የተሰየመው የመላው ኅብረት የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዕድሜው 41 ዓመት ነበር። ከላይ ሲታይ የሥልጣንና የክብር ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከሥር ግን አንድ ቅራኔ ይበስል ነበር። በዚያው ዓመት በስፋት የተጀመረው የኅብረት እርሻ ዘመቻ በግዳጅ በመካሄዱ ምርት አሽቆለቆለ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 በዩክሬን፣ በካዛኽስታንና በሌሎች አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መንግሥት ጥፋቱን በራሱ ፖሊሲ ውስጥ ከመፈለግ ይልቅ ከሳይንቲስቶች ተአምር ይጠብቅ ጀመር። አዲስ ምርጥ ዘር ለማውጣት ከ10 እስከ 12 ዓመት የሚፈልገውን ሥራ በ4 ወይም በ5 ዓመት ጨርሱ የሚል ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1931 ተላለፈ። ስንዴ ግን ውሳኔ አያነብም። በዓመት አንድ ጊዜ ይዘራል፣ አንድ ጊዜ ይታጨዳል።

በዚህ ጊዜ ነው ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው ሰው ወደ መድረኩ የወጣው። የዩክሬን ገበሬ ልጅ የሆነው ሊሴንኮ የክረምት ስንዴን ዘር አርሶና አቀዝቅዞ በፀደይ መዝራት እንደሚቻል በመስበክ ታወቀ። ዘዴው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አልነበረም፤ ቅዝቃዜ በስንዴ ዕድገት ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ከእርሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ችግሩ ከዚያ ተነሥቶ የደረሰበት መደምደሚያ ነው። አካባቢን በመለወጥ ብቻ የተክልን የዘር ጠባይ በዘላቂነት መለወጥ እንደሚቻል፣ ጂን የሚባለውም ነገር የቡርዣ ምሁራን ፈጠራ እንደ ሆነ ያስተምር ጀመር። አዲስ ዘር በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት አወጣለሁ ብሎም ቃል ገባ። ማስረጃው ለኅብረት እርሻዎች የሚላክ ቅጽ ነበር፤ የእርሻዎቹ ሊቀመናብርት ቅጹን ሞልተው ይመልሳሉ፣ ሊሴንኮም ደምሮ ለመንግሥት ያቀርባል። ምርት ቀነሰ ብሎ የሚጽፍ ሊቀመንበር በአጥፊነት እንደሚከሰስ ያውቅ ነበር። የሥራ ክንውን ሪፖርት ሞልቶ የሚያውቅ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 በክሬምሊን በተደረገ ጉባኤ ላይ ሊሴንኮ የሳይንስ ተቃዋሚዎቹን ከመደብ ጠላት ጋር አመሳስሎ ሲናገር ስታሊን በአዳራሹ ውስጥ በአድናቆት አበረታታው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉዳዩ በሙከራ ማሳ የሚወሰን መሆኑ ቀረ።

ቫቪሎቭን ከስሕተት የጸዳ ቅዱስ አድርገን ለማቅረብ አንሻም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊሴንኮን ከደገፉት፣ ለአካዳሚ አባልነትም ካጩት ሰዎች አንዱ ራሱ ቫቪሎቭ ነበር። ከገበሬ ወገን የወጣ ወጣት ተመራማሪ መበረታታት አለበት የሚል ቅን አስተሳሰብ ነበረው፤ ሙከራዎቹንም ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት ተመልክቷል። በእኛ አስተያየት ትዕግሥቱ ከሚገባው በላይ ረዘመ። ድንበሩ ግልጽ በሆነለት ጊዜ ግን ወደ ኋላ አላለም። ሹማምንት ሊያስፈራሩት ሲሞክሩ፣ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ሲታሰሩ፣ የውርስ ሕግ ትክክል ነው ከማለት አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1937 በሞስኮ ሊደረግ የታቀደው ዓለም አቀፍ የጄኔቲክስ ጉባኤ በዚያ እንዳይካሄድ ተደረገ። ጉባኤው በ1939 በኤዲንብራ ሲሰበሰብ ቫቪሎቭን ፕሬዚዳንቱ አድርጎ ቢመርጠውም እንዲሄድ አልተፈቀደለትም። ከእርሱ በኋላ አካዳሚውን የመሩት ሙራሎቭና ማይስተር ተይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ወንበሩ ለሊሴንኮ ተሰጠ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1940 ቫቪሎቭ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በምዕራብ ዩክሬን፣ በቼርኒቭትሲ አካባቢ ተራሮች ዕፅዋት ሲሰበስብ ዋለ። የመንግሥት ሰዎች በመኪና መጥተው በአስቸኳይ ወደ ሞስኮ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ባልደረቦቹ ከኋላ የቀረውን የዕቃ ከረጢቱን ሲፈቱ የዚያን ቀን ያገኘውን አንድ የጥንት ስንዴ ዓይነት በውስጡ ታስሮ አገኙት። ከዚያ የተከተለው ለ11 ወራት የዘለቀ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት የሚካሄድ ምርመራ ነበር። ለእንግሊዝ መሰለል፣ እርሻን ማበላሸት፣ የፀረ አብዮት ድርጅት አባል መሆን የሚሉ ክሶች ተደረደሩበት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1941 የጦር ፍርድ ሸንጎ ጉዳዩን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አይቶ ሞት ፈረደበት። የጎመንና የራዲሽ ድቅል ያወጣው ካርፔቼንኮና የጥራጥሬ ሊቁ ጎቮሮቭ፣ ሁለቱም የቫቪሎቭ የቅርብ ባልደረቦች፣ በዚያው ወር ተረሸኑ።

የሕዝብ ጠላት የሚለው ስያሜ በማን ላይ ቢለጠፍ ጠያቂ የሌለው ዘመን ነበር። ይህን ስንጽፍ እንደ ሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አድርገን አንጽፈውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በእኛም ከተሞች ጎዳናዎች አንድ ስያሜ ብቻውን የሰውን ሕይወት ሲያስቀጥፍ የታየ ነው። ይህን የሚያስታውሱ የቀበሌ አባላት ዛሬም በመካከላችን አሉ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1941 የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ እስረኞች ወደ ምሥራቅ ተጫኑ። ቫቪሎቭም የወጣትነት ክብሩን ወደ አገኘባት ወደ ሳራቶቭ ከተማ ተወስዶ፣ መስኮት በሌለው የሞት ፍርደኞች ክፍል ተዘጋበት። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለእስር ጓደኞቹ ስለ ዕፅዋትና ስለ እርሻ ታሪክ ያስተምር እንደ ነበር ተመስክሯል። በምርመራው ጊዜ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ የጻፈው ረቂቅ ግን ጠፍቶ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1942 የሞት ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ በዚያው ዓመት የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አገር አባል አድርጎ መረጠው። ለመለወጡ አስተዋጽኦ ካደረጉት አንዱ ሽማግሌው መምህሩ ፕሪያኒሽኒኮቭ ናቸው። እኒህ አዛውንት ወደ ቤሪያ ድረስ ሄደው ከመማለዳቸውም በላይ፣ እስረኛውን ለስታሊን ሽልማት በዕጩነት አቅርበው ነበር። አድርባይነት ምሁሩን ሁሉ ባጠቃበት ሰዓት እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ባለቤቱ የለና ባሩሊና፣ ራሷ የምስር ዕፅዋት ተመራማሪ የነበረች፣ ከልጇ ከዩሪ ጋር ከጦርነቱ ሸሽታ የተጠጋችው በዚያችው በሳራቶቭ ነበር። ባሏ በሞስኮ የታሰረ መስሏት ከራሷ ጉሮሮ እየነጠቀች ስንቅ ወደ ሞስኮ ትልክ ነበር። እርሱ ግን ከመኖሪያዋ ብዙም በማይርቅ እስር ቤት ውስጥ እየመነመነ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1943 በ55 ዓመቱ ሞተ፤ ሬሳውም በጅምላ መቃብር ተቀበረ። ሶቪየት ኅብረትና ኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት ከዚያ ሦስት ወር ዘግይቶ ነው።

እርሱ በእስር ቤት ሳለ የሰበሰበው ዘር ሌላ ፈተና ገጥሞት ነበር። ሌኒንግራድ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1941 ጀምሮ በጀርመን ጦር ተከበበች። በመጀመሪያው ክረምት የአንድ ነዋሪ የቀን ራሽን እስከ 125 ግራም ዳቦ ወርዶ ነበር። በተቋሙ ሕንፃ ውስጥ ግን ስንዴ፣ ሩዝ፣ ለውዝ፣ አጃና ባቄላ በቶን የሚቆጠር ተከማችቷል። ሠራተኞቹ በቆርቆሮ ሣጥን አሽገው ከአይጥና ከሌባ በፈረቃ ይጠብቁት ጀመር። በፓቭሎቭስክ የሙከራ ጣቢያ የተተከለውን የድንች ዓይነት ካሜራዝና ቮስክሬሴንስካያ የተባሉት ተመራማሪዎች በመድፍ ተኩስ ሥር ቆፍረው አወጡት፤ በብርዱ እንዳይሞትም በምድር ቤት ውስጥ ከየትም የተለቀመ እንጨት እየነደደለት ከረመ። የለውዝ ክምችት ኃላፊ የነበረው ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በረሃብ ሞተ። የሩዝ ጠባቂው ኢቫኖቭ በሺዎች በሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች ተከቦ ሞተ። የአጃ ተመራማሪዋ ሮዲናም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። አንድ እፍኝ ቢወስዱ ማን ያያቸው ነበር? መሪያቸው የሕዝብ ጠላት ተብሎ ታስሯል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አያውቁም ነበር። ይህን ታሪክ በምንጽፍበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ብዕራችን ቆሟል፤ እኛ በቦታቸው ብንሆን ምን እናደርግ ነበር የሚለውን ጥያቄ በቅንነት ለመመለስ ድፍረት አጥተናል።

የሊሴንኮ ድል ከዚያ በኋላም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1948 በተደረገው የእርሻ አካዳሚ ጉባኤ ጄኔቲክስ ተወገዘ፣ መምህራኑ ከሥራ ተባረሩ፣ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ወጡ። ስንዴ ወደ ራይ ይለወጣል እስከ ማለት ተደረሰ። ሌላው ዓለም የዘርን ምስጢር ወደ ሞለኪውል ደረጃ ሲያወርድ፣ ከዓለም ቀዳሚ የነበረው የሩሲያ የዘር ሳይንስ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ቀረ። ሊሴንኮ ከሥልጣኑ የወረደው ክሩሽቼቭ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በ1976 በሰላም በአልጋው ላይ ሞተ። የቫቪሎቭን ክስ መሠረት የለሽነት ያው የጦር ፍርድ ሸንጎ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 1955 አረጋግጦ ስሙን አደሰ።

ወንድሙ ሰርጌይስ? እ.ኤ.አ. በ1945 የሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ተደርጎ ተሾመ፤ ወንድሙን በገደለው መንግሥት ሥር እስከ ሕልፈቱ እስከ 1951 አገለገለ። ልንፈርድበት አንቸኩልም። በሞስኮ የቫቪሎቭ ጎዳና የሚባል ረጅም መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው በዘር ሰብሳቢው የተሰየመ ይመስለዋል፤ ስያሜው ግን የፊዚክስ ሊቁ የሰርጌይ ነው።

ዘሩን በሚመለከት ታሪኩ በሩሲያ ብቻ አላበቃም። በአገራችን የዕፅዋት ዘረ መል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ፣ በኋላ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬውን ዘር ከየአውራጃው ሰበሰበ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ረሃብ የገባባቸው ገበሬዎች የዘር እህላቸውን ጭምር ለመብላት ሲገደዱ፣ የጠፋውን ዓይነት መልሶ ለማግኘት የሚቻልበት ጎተራ ነበር። ዶክተር መላኩ ዘርን በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየዘሩ ማቆየት ይገባል ብለው በመከራከርና በተግባር በማሳየት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ እንደ ገና ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው ከተማ፣ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ የሚገኘው ተቋም በቫቪሎቭ ስም ይጠራል። ከአንኮበር፣ ከጎንደርና ከአክሱም ገበያ በእፍኝ የተገዛው እህል ዝርያ በዚያ ካለው ክምችት ውስጥ ነው። ዘር ያለ ማሳ ለዘለዓለም አይቆይምና በየተወሰነ ዓመት ከሣጥኑ ወጥቶ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ተወቅቶና ተመዝኖ ወደ ቦታው ይመለሳል።